ካንጋል ጠባቂ እንጂ ማስፈራሪያ አይደለም

«ውሻ በበላበት ይጮሃል» የሚለው ተረት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ነው። ውለታ ለማይረሳ ሙገሳ፣ ለአድርባይ ደግሞ ሽሙጥ ይሆናል። ተረቱ ስለ ራሱ ስለ ውሻው ሲነገር ቃል በቃል እውነት የሚሆንበት አንድ ዘር አለ። ካንጋል ይባላል፤ አገሩም ቱርክ ነው። ቡችላ ሳለ በበጎች መካከል ይበላል፣ በበጎች መካከል ያድራል። ጎልምሶ ተኩላ ሲመጣ የሚጮኸው፣ ካስፈለገም የሚሞተው ለእነዚሁ በጎች ነው። የካንጋል ጠባይ ምሥጢሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

የሚያሳዝነው የዚህ ውሻ ስም በአሜሪካና በአውሮፓ የገነነው በሌላ ምክንያት መሆኑ ነው። ስለ ትልቅነቱ፣ ስለ መንጋጋው፣ ከተኩላ ጋር ስለ መተናነቁ የሚያወሩ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። «ሲነክስ ኃይሉ በካሬ ኢንች 743 ፓውንድ ነው» እየተባለ አንድ ቁጥር ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ቁጥሩን ከሚደጋግሙት መካከል ማን፣ መቼ፣ በስንት ውሾች ላይ ለክቶ እንዳገኘው የሚናገር እምብዛም አይገኝም። ለነገሩ ውሻ ሚዛን ላይ እንደሚወጣ ጆንያ አይደለም። አንድ ቀን በሙሉ ኃይሉ ይነክሳል፣ ሌላ ቀን ነካ አድርጎ ይተዋል። ቁጥሩ ግን ገበያ ያደምቃል፤ ሻጭም ይህን ያውቃል።

ውጭ አገር ኖሮ፣ ሠርቶ፣ ቤት ገዝቶ ጓሮ ያገኘ ኢትዮጵያዊም ቢሆን ይህ ወሬ ጆሮውን ሊስበው ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ በቆርቆሮ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ እያነበበ ላደገ ሰው፣ የጊቢ ውሻ ማለት ቀን ታስሮ የሚውል፣ ሌሊት ተፈትቶ የሚያድር፣ ኃይለኛነቱም እንደ ሙያ የሚቆጠርለት ፍጡር ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ካንጋል የኃይለኞች ሁሉ አለቃ ይመስላል። አሳሳቹም ነገር ይህ ነው። ካንጋል ጥሩ ውሻ ነው። ጥሩ የሚያደርገው ግን ደሙ ብቻ ሳይሆን አስተዳደጉና ሥራው ነው። ከሥራው ነጥሎ ለማስፈራሪያ የሚገዛው ሰው ውሻውንም፣ ጎረቤቱንም፣ ራሱንም ይጎዳል።

ለመሆኑ ይህ ውሻ ምን ዓይነት ነው? ካንጋል በመካከለኛው ቱርክ፣ በሲቫስ ክፍለ አገር የምትገኝ ወረዳ ስም ነው። አገሩ ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሜዳማ ደጋ ነው። ክረምቱ በረዶ የሚጋገርበት፣ በጋው ፀሐይ የሚያቃጥልበት፣ ዛፍ የማይበዛበት የግጦሽ ምድር ነው። በዚያ የሚረባው በግ አክካራማን የሚባለው ባለ ላት በግ ነው። የመንዝን በግ ለሚያውቅ ሰው ላቱ እንግዳ አይሆንበትም። ጠላቱ ደግሞ ተኩላ ነው፣ አልፎ አልፎም ድብ። ቱርኮች ውሻውን በጥቅሉ «ቾባን ኮፔይ» ይሉታል፤ የእረኛ ውሻ ማለት ነው። «ካራባሽ» የሚሉትም አሉ፤ ይህ ደግሞ «ጥቁር ራስ» ማለት ነው።

መልኩ እንደ ስሙ ነው። ገላው ቡላ ወይም ዳለቻ፣ ፊቱ ጭምብል እንዳጠለቀ ጥቁር፣ ጆሮውም ጥቁርና የተንጠለጠለ ነው። ፀጉሩ አጭር ሲሆን ከሥሩ ብርድ የሚከላከል ጥቅጥቅ ያለ ሌላ ፀጉር አለው። ዘና ሲል ጭራው ዝቅ ይላል፣ ነቃ ሲል ወደ ጀርባው ይጠቀለላል። ወንዱ ከትከሻው እስከ መሬት ከ72 እስከ 78 ሳንቲ ሜትር ይቆማል፤ ክብደቱም ከ48 እስከ 60 ኪሎ ግራም ነው። ሴቲቱ ከዚህ አነስ ትላለች። ይህ ትልቅ ውሻ ነው፤ ነገር ግን በወሬ እንደሚባለው ግዙፍ አውሬ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ከመንጋ ጋር የሚጓዝ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚዞር ውሻ መቶ ኪሎ ስጋ ተሸክሞ ሥራውን ሊሠራ አይችልም። «የኔ ካንጋል መቶ ኪሎ ይመዝናል» የሚል ሻጭ ቢገኝ፣ እየሸጠ ያለው የእረኛ ውሻ ሳይሆን የሰባ ውሻ ነው።

የቱርክ እረኛ ለውሻው የሚያጠልቅለት የአንገት ብረት አለ። ዙሪያውን ረዣዥም ሹል ብረት የተተከለበት ነው። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ የጦር ዕቃ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ብረቱ የተሠራው ለማጥቂያ አይደለም። ተኩላ ሲተናነቅ የሚይዘው ጉሮሮን ስለሆነ ጉሮሮውን እንዲከላከልለት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ስለ ውሻው ብዙ ይናገራል። ከተማ ውስጥ ለጌጥ ይህን ብረት ውሻው አንገት ላይ የሚያስር ሰው፣ ጋሻን ጦር ነው ብሎ እንደያዘ ሰው ይቆጠራል።

ስለ ዘሩ አመጣጥ የሚነገረውም እንዲሁ ወሬው ከእውነቱ ይበዛል። በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከነነዌ የመጡ፣ ከ2,600 ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የአሦር ንጉሥ የአሹርባኒፓል የድንጋይ ቅርጾች አሉ። በቅርጾቹ ላይ ወፍራም አንገት ያላቸው ትላልቅ ውሾች ይታያሉ። «የካንጋል አያቶች እነዚህ ናቸው» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በድንጋዩ ላይ የተቀረጹት ውሾች የዱር አህያ ሲያድኑ ነው የሚታዩት። አንድም በግ ሲጠብቁ አይደለም። ሁለት ትላልቅ ውሾች መምሰላቸው አባትና ልጅ አያደርጋቸውም።

እርግጠኛ ሆኖ መናገር የሚቻለው ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው፤ ትልቅም ነው። በግና ፍየል ለመጀመሪያ ጊዜ ለማዳ የሆኑት ከ10,000 ዓመት ገደማ በፊት አናቶሊያን በሚያካትተው በዚያ ቀጠና ነው። በግ ባለበት ተኩላ አለ፤ ተኩላ ባለበት እረኛ ረዳት ይሻል። ስለዚህም ከፖርቱጋል ተነሥቶ በፒሬኔ ተራሮች፣ በጣሊያን፣ በባልካን፣ በቱርክ፣ በካውካሰስ አልፎ እስከ ቲቤት ድረስ መንጋ በሚነዳበት ተራራ ሁሉ ተመሳሳይ ትልቅ ውሻ ይገኛል። ስሙና ቀለሙ እንጂ ሥራው አይለያይም። ካንጋልን የፈጠረው የንጉሥ ግቢ አይደለም፤ የእረኛ ምርጫ ነው። በግ የበላውን ውሻ እረኛው አላኖረውም፣ መንጋውን ጥሎ የሸሸውንም አላረባውም። በጉን ሳይነካ ከበጉ ሳይርቅ የኖረው ዘሩን ተካ። ይህ ትውልድ ከትውልድ ሲደጋገም ዛሬ የሚታየው ጠባይ ተገኘ።

የስሙ ክርክር ደግሞ የዘመናችን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸውና፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቱርክ ይሠራ የነበረ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ወደ ካሊፎርኒያ ይዟቸው ከተመለሰው ውሾች ተነሥቶ በአሜሪካ «አናቶሊያን እረኛ ውሻ» የሚባለው መዝገብ ተጀመረ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በዚሁ ስም በ1996 ተቀበለው። ቱርኮች በበኩላቸው ካንጋል ሌላ፣ ነጩ አክባሽ ሌላ፣ ሁሉን በአንድ ከረጢት መክተት ስሕተት ነው ሲሉ ኖሩ። ዓለም አቀፉ የውሻ አርቢዎች ፌዴሬሽን በ2018 አናቶሊያን የሚለውን ስም ካንጋል እረኛ ውሻ በሚለው ተካው። አንዱ ስም ሁለት ውሻ፣ አንዱ ውሻ ሁለት ስም የሚሆንበት ገበያ ስለሆነ፣ ገዢ የተጻፈውን ወረቀት ብቻ ማመን አይኖርበትም።

ወደ ጠባዩ እንመለስ። የካንጋል ዋናው ጠባይ ቁጣ ሳይሆን እርጋታ ነው። ቀን ከፍ ያለ ቦታ መርጦ ይተኛል። የተኛ ይመስላል እንጂ ዓይኑ መንጋው ላይ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራው ይጀምራል፤ ዙሪያውን ይሄዳል፣ ሽንቱን እየረጨ ወሰኑን ያሰምራል፣ ይጮሃል። እንግዳ ነገር ሲያይ መጀመሪያ ይቆማል። ቀጥሎ በእንግዳውና በበጎቹ መካከል ይገባል። ከዚያ ጩኸቱ ይበረታል። መናከስ የሚመጣው ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ነው። አብዛኛውን ጊዜም አያስፈልግም፤ ተኩላም ቢሆን ቆስሎ ከሚበላ ሌላ ቦታ ሄዶ ሳይቆስል ቢበላ ይመርጣል።

ሁለተኛው ጠባዩ በራሱ ውሳኔ መሥራቱ ነው። የጀርመን እረኛ ውሻ የጌታውን ዓይን እያየ ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ለዚያም ተመርጦ ተረብቷል። ካንጋል ግን እረኛው ጎጆው ውስጥ ተኝቶ ሳለ በሌሊት ብቻውን የሚወስን ውሻ ነው። «ና» ሲሉት ቢዘገይ ደንቆሮ ወይም ልበ ደንዳና ሆኖ አይደለም፤ መጀመሪያ ነገሩን መዝኖ ነው። ይህ ለተራራ በረከት ነው። ከገበያ አዳራሽ አጠገብ ባለ መንገድ ላይ ግን 60 ኪሎ የሚመዝን፣ በራሱ ፍርድ የሚሄድ ውሻ በቀጭን ገመድ መያዝ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ጠባይ ከእናቱ ሆድ ተሟልቶ የሚወጣ የሚመስለው ካለ፣ ታሪኩ ሌላ ይናገራል። ቻርልስ ዳርዊን በ1833 ዛሬ ኡራጓይ በሚባለው አገር ሲዘዋወር፣ አንድም ሰው ሳይኖር ትልቅ መንጋ የሚጠብቁ ውሾች አይቶ ተገረመ። እንዴት እንደሚሆን ሲጠይቅ የነገሩትን በጉዞ መጽሐፉ አስፍሮታል። ቡችላው ገና በትንሽነቱ ከእናቱ ይለያል። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ከእናት በግ ጡት እንዲጠባ ይደረጋል። ጉረኖው ውስጥ የሱፍ መኝታ ይሠራለታል። ከሌሎች ውሾችና ከልጆች ጋር እንዲውል አይፈቀድለትም። እንዲህ ያደገ ውሻ በጎቹን እንደ ወገኖቹ ስለሚያይ ትቷቸው አይሄድም። በአናቶሊያም ሆነ በደቡብ አሜሪካ የነገሩ ፍሬ አንድ ነው።

ሳይንሱም የእረኞቹን ዕውቀት ደገፈው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ወዳጅነት የሚመሠርትበት ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው መሆኑን አሳዩ። በዚያ ጊዜ ያየው ወገኑ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ያላየው እንግዳ ሆኖ ይቀራል። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደግሞ ሬይመንድ ኮፒንገርና ሎርና ኮፒንገር በማሳቹሴትስ፣ በሃምፕሻየር ኮሌጅ፣ ከቱርክና ከሌሎች አገሮች የመጡ የመንጋ ውሾችን እያረቡ ከ1,000 በላይ ለአሜሪካ ገበሬዎች አከፋፈሉ። በ1972 በፌደራል መሬት ላይ አዳኝ አራዊትን በመርዝ መግደል ተከልክሎ ስለነበር ገበሬው ሌላ መላ ይፈልግ ነበር። ኮፒንገሮች ከጥሩ የመንጋ ውሻ የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው አሉ፤ ከመንጋው አለመለየት፣ መንጋውን አለመጉዳት፣ መንጋውን መከላከል። ኃይለኛነት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ከሦስቱም የመጀመሪያው፣ ማለትም አለመለየት፣ ካልተገኘ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም።

የበለጠ የሚያስደንቀው ማስረጃ ግን ምንም ስም ከሌላቸው ውሾች የተገኘ ነው። በአሪዞና የናቫሆ ሕንዶች በጎቻቸውን የሚያስጠብቁት በዘር ሐረጉ ማንም በማይኮራበት ድብልቅ ውሻ ነው። ቡችላውን ከበጎቹ ጋር ጉረኖ ውስጥ ያሳድጉታል፤ ሲያድግ ኮዮቲ የሚባለውን ትንሽ ተኩላ ከመንጋው ያርቃል። ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ይህን አጥንተው ጽፈዋል። በቦትስዋናም ገበሬዎች የአገራቸውን ተራ ውሻ በዚሁ መንገድ አሳድገው ፍየል ያስጠብቁታል። እንግዲህ ዘር ምንም አይደለም ማለት አይደለም። ካንጋል ትልቅነትን፣ እርጋታንና ትዕግሥትን ከወላጆቹ ይወርሳል። ነገር ግን «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» እንደሚባለው፣ የወረሰውን መልካም ነገር የሚያወጣው ወይም የሚያበላሸው አያያዙ ነው።

አሁን ይህ ውሻ ከሜሪላንድ ወይም ከቴክሳስ ከተማ ዳር ባለ ቤት ጓሮ ውስጥ ይግባ። በግ የለም፤ ስለዚህ መንጋው ቤተ ሰቡ ይሆናል። ይህ እስከዚህ ድረስ መልካም ነው፤ ከሕፃንነቱ ከልጆች ጋር ያደገ ካንጋል ለቤቱ ልጆች እጅግ ገር ሊሆን ይችላል። ችግሩ ቀጥሎ ይመጣል። ውሻው ሌሊት ይጮሃል፤ የተፈጠረበት ሥራ ነውና። ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ውሻው ወሰኑን ሊያሰፋ አጥር ይዘላል ወይም ከሥሩ ይቆፍራል፤ በአገሩ ወሰኑ ተራራ እንጂ ሃያ ሜትር ጓሮ አልነበረም። አጥር የማያቆመውን ጌታው በሰንሰለት ያስረዋል። የታሰረ ውሻ ደግሞ መሸሽም፣ ዞር ብሎ ማየትም ስለማይችል፣ የቀረው ምርጫ ማስፈራራትና መናከስ ብቻ ነው። የተገዛው ውሻ የተረጋጋ ነበር፤ ኃይለኛውን የፈጠረው ሰንሰለቱ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የእንግዳው ነገር ነው። የኢትዮጵያዊ ቤት እንግዳ የማይጠፋበት ቤት ነው። ዛሬ ልደት፣ ነገ ማኅበር፣ ከነገ ወዲያ ለቅሶ አለ። ቡና ተፈላ ሲባል ጎረቤት ሳያንኳኳ ይገባል። ሃያ ሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፤ ልጆች በጓሮ ይሯሯጣሉ፤ የእንግዳው ልጅ ከቤቱ ልጅ ጋር ለጨዋታ ይታገላል። ካንጋል ይህን ሁሉ የሚያየው እንደ እረኛ ውሻ ነው። የማያውቀው ልጅ የሚያውቀውን ልጅ መሬት ላይ ሲጥለው፣ ጨዋታ መሆኑን ማን ይነግረዋል? በመካከል ይገባል። በመካከል የሚገባው 60 ኪሎ ሆኖ፣ ከፊቱ ያለው የአምስት ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ሳይነክስም ሊጎዳ ይችላል። ውሻው ሥራውን ሠራ፤ ጥፋቱ ሥራውንና ቤቱን ያላገናዘበው ሰው ነው።

ሕጉም ቀልድ አያውቅም። በካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3342 መሠረት፣ ውሻ በመንገድ ላይ ያለን ወይም በሕጋዊ መንገድ ግቢው የገባን ሰው ቢነክስ፣ ቀድሞ ነክሶ የማያውቅ ቢሆን እንኳን ባለቤቱ ይከፍላል። የተጋበዘ እንግዳም በዚሁ ውስጥ ነው። በሜሪላንድ ከ2014 ጀምሮ ውሻው ጉዳት ሲያደርስ ባለቤቱ አደገኛነቱን ያውቅ ነበር ተብሎ ይገመታል፤ እንደማያውቅ ማስረዳት የራሱ ፈንታ ነው። ከአገር ቤት የመጣው «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ጽሑፍ እዚህ በር ላይ ቢሰቀል ደግሞ፣ የተነከሰው ሰው ጠበቃ «ይኸው፣ ያውቅ ነበር» ብሎ ማስረጃ ሊያደርገው ይችላል። የቤት ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ትልልቅ ጠባቂ ውሾችን በሚመለከት የየራሳቸው ዝርዝር ያላቸው አሉ። ውሉን ማንበብ የሚገባው ቡችላው ከመምጣቱ በፊት ነው።

አውሮፓ ያለው አንባቢም ከዚህ አይወጣም። ዴንማርክ በ2010 ካንጋልን ጨምራ ማርባትና አዲስ ማስገባት የተከለከሉ ዝርያዎችን ቁጥር 13 አድርሳለች። በጀርመን፣ ፍራንክፈርት በምትገኝበት በሄሰን ክፍለ ግዛት፣ ካንጋል በአደገኛ ውሾች ዝርዝር ውስጥ ስላለ ያለ ልዩ ፈቃድ አይያዝም። ሕጎቹ ዘርን ከአስተዳደግ አይለዩምና ያጨቃጭቃሉ፤ ትክክል ናቸው ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ነገር ግን ስደተኛ ወይም የመኖሪያ ፈቃዱን የሚጠባበቅ ሰው በውሻ ምክንያት ከባለሥልጣን ጋር ቢጋጭ ዋጋው ከሌላው ይከብደዋል።

«እንግዲያውስ ቤቴ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል፣ ሌሊት ሥራ ውዬ ባለቤቴ ብቻዋን ታድራለች፣ ምን ላድርግ?» የሚል ሰው ቢነሣ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ሊናቅም አይገባም። በተለይ ታክሲ የሚነዳ፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ፍርሃቱ የምር ነው። መልሱ ግን ትልቅ መንጋጋ አይደለም። ሌባ የሚፈልገው ጸጥታና ጨለማ ነው። የሚጮህ ውሻ ጸጥታውን ይነሣዋል፣ መብራት ጨለማውን ይነሣዋል፣ ጥሩ ቁልፍ ጊዜውን ይነሣዋል። ለመጮህ ደግሞ አሥር ኪሎ የሚመዝን ውሻ ይበቃል። ትንሹ ውሻ ቤት ውስጥ ከቤተ ሰብ ጋር ያድራል፣ ምግቡ ትንሽ ነው፣ ለአንድ አዋቂ ሰውም አያስቸግርም። ከሁሉ በላይ ግን አጠገብ ያለውን ጎረቤት በስም ማወቅ ከማንኛውም ውሻ የበለጠ ጠባቂ ነው።

ይህ ማለት ግን ካንጋል ከቱርክ አይውጣ ማለት አይደለም። ሥራ ካለው አገር አይመርጥም። በናሚቢያ በ1980ዎቹ ገበሬዎች ከብት ፈጀብን እያሉ በሺህ የሚቆጠሩ አቦ ሸማኔዎችን ገደሉ ወይም አጠመዱ። ሎሪ ማርከር በ1990 የመሠረተችው የአቦ ሸማኔ ጥበቃ ድርጅት በ1994 አሥር የአናቶሊያ ቡችሎችን ከአሜሪካ አስመጥቶ ለገበሬዎች ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሾችን እያረባ አከፋፍሏል። ድርጅቱ እንደሚገልጸው ውሻ የወሰዱት ገበሬዎች በአዳኝ አራዊት የሚደርስባቸው ጉዳት ከ80 በመቶ በላይ ቀንሷል። ቡችላው ከስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ ከፍየሎቹ ጋር ይኖራል፤ አቦ ሸማኔው ሲመጣ ይጮሃል፤ አቦ ሸማኔው ይሄዳል። ፍየሏም ትተርፋለች፣ አቦ ሸማኔውም አይገደልም። ትክክለኛው የካንጋል ዝና ይህ መሆን ነበረበት።

ነገሩ ለአፍሪካ ቀንድም ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያና ከሶማሌላንድ በረሃ የሚወሰዱ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች በኮንትሮባንድ ባሕር ተሻግረው በአረብ አገሮች ለጌጥ ይሸጣሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ፍየሉ የተበላበት አርብቶ አደር በአውሬው ላይ የሚይዘው ቂም ነው። ያም ሆኖ ከናሚቢያ የሚወሰደው ትምህርት «ካንጋል ገዝቶ ወደ አገር ቤት መላክ» አይደለም። ከናቫሆና ከቦትስዋና እንደታየው፣ የአገሩ ውሻ ገና ቡችላ ሳለ ከፍየሎች ጋር ካደገ ብዙ ሥራ ይሠራል። የሚቀድመውም ክትባት ነው። በባሌ ተራሮች የእረኞች ውሾች ያስተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታ በ1991 እና በ1992፣ ኋላም በ2003 እና በ2004፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውን ቀይ ቀበሮ ክፉኛ ፈጅቷል። ለአገር ቤት ውሻ ማሰብ የሚፈልግ ሰው ከትልቅ ዘር ይልቅ በክትባት ቢጀምር ለእረኛውም፣ ለልጁም፣ ለቀበሮውም ይበጃል።

ካንጋል ለመያዝ የቆረጠ ሰው ካለ ራሱን ጥቂት ነገር ይጠይቅ። የሚጠበቅ ከብት ወይም ሰፊ መሬት አለው? አጥሩ የሰው ቁመት ያህላል? ቡችላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ሰው፣ ብዙ ልጅ፣ ብዙ እንግዳ እንዲያይ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል? እንግዳ ሲመጣ ውሻውን ለብቻው የሚያቆይበት ሰላማዊ ቦታ አለው? ወላጆቹንስ በዓይኑ አይቷል ወይስ ፎቶግራፍ ብቻ ነው የተላከለት? ውሻው አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር እንደሚችል አስቧል? ለእነዚህ ሁሉ አዎን ብሎ የሚመልስ ሰው ታማኝ፣ የተረጋጋና የተከበረ ጓደኛ ያገኛል። አንዱንም መመለስ ያልቻለ ግን ለራሱም ለውሻውም ሲል ይተወው።

በየከተማው ያሉ የውሻ መጠለያዎች በቡችላነቱ ተወዶ፣ ሲያድግ ተፈርቶ፣ በመጨረሻም ተጥሎ የመጣ ትልቅ ውሻ አያጡም። እንዲህ ያለውን ውሻ የሚወስድ ሰው በቀላሉ አይገኝም፤ ካልተገኘም መጨረሻው መርፌ ነው። ውሻ በበላበት ይጮሃል። አብልቶ ሲያበቃ «ለምን ጮህክ» ብሎ የሚያባርረው ሰው ግን ተረቱን ገና አልሰማውም።